መሃል ላይ የቆመው ቀስት

ሰኞ 2

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ባለቤቴ ናት። «በየቀኑ እኔ ላይ ከምታማርር ለወረቀት አማርር» አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰምታኝ ዛሬ ሰለቻት። ይሁን። ወረቀት ቢያንስ መሃል ገብቶ «እነሱስ ምን ያድርጉ?» አይልም።

ዛሬ አሥሩ አዳዲስ ሚኒባሶች ገቡ። ድርጅታችን የሠራተኛ ሰርቪስ ነው የሚሰጠው፤ ሰውን ጠዋት ወደ ሥራ፣ ማምሻውን ወደ ቤቱ ያመላልሳል። እኔ የጋራዡ ኃላፊ ነኝ፤ ማለትም መካኒክ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ጎማ ነፊና የሌላ ሰው ስህተት አራሚ። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ግቢ ውስጥ ሰበሰበን። ይህን ሰው ሾፌሮቹ «ሪፖርት» ነው የሚሉት፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ ሪፖርት ይጠይቃል። የአንዷን መኪና በር ከፍቶ ዳሽቦርዱን አበራና «ከእንግዲህ መኪናዋ ራሷ ትነግራችኋለች» አለ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሾፌሮቹ አንገታቸውን እያስረዘሙ ተንጫጩ። መብራቱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ መብራት ያየ ሰው አእምሮውን እዚያው ጥሎት ይሄዳል።

ሰባት ቁጥር የደረሰችው ለእህቴ ባል ነው። መቀመጫውን በመሐረቡ ጠረገ፣ ተቀመጠ፣ መስታወቱን አስተካከለ። በቃ። «ጥሩ ናት» እንኳ አላለም። ይህ ሰውዬ አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም። እናትና አባታችን ሲሞቱ እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ ድሬ ለዚህ መስጠቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሥራውን ያስገባሁትም እኔው ነኝ። ለእሷ ስል።

ረቡዕ 4

ኮምፒውተሬን ሰባት ቁጥር ላይ ሰክቼ ሞተሯን አስነሳሁ። ራዲያተሩን በካርቶን ጋረድኩት፣ እንዲሞቅ። ኮምፒውተሩ የውሃውን ትክክለኛ ሙቀት በቁጥር ያሳያል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቀስት ደግሞ ፋብሪካው ደስ ያለውን ያሳያል። እያየሁ ጻፍኩ፦

78 ዲግሪ፣ ቀስቱ መሃል።
90፣ መሃል።
104፣ መሃል።
112፣ አሁንም መሃል። እንደ ሐውልት።
117 ሲደርስ ከእንቅልፉ ነቅቶ ወደ ቀዩ ዘለለ። እኔም ሞተሩን አጠፋሁ።

ቀስቱ ተበላሽቶ አይደለም። እንዲህ ነው የተሠራው። ድሮ ቀስት እንደ ልቡ ይወጣ ይወርድ ነበር፤ ዳገት ላይ ከፍ፣ ቁልቁለት ላይ ዝቅ። ባለመኪናው ባየው ቁጥር ይደነግጥና ጋራዥ ይሮጣል። ፋብሪካዎቹ ሰለቻቸው። ሰውየውን ከማስተማር ቀስቱን ማስተኛት ቀለላቸው። ስለዚህ ሙቀቱ ከዚህ እስከዚያ እስካለ ድረስ መሃል ላይ ቁም አሉት። የነዳጁም ያው ነው፤ ግማሽ ቀን ሙሉ ላይ ተኝቶ ይውልና ከሰዓት በኋላ ገደል ይገባል። የፍጥነቱ ደግሞ ሁልጊዜ ጨምሮ ነው የሚናገረው፤ መቶ ሲልህ ዘጠና አምስትም አልደረስክ። እዚያ ሰሌዳ ላይ በትክክል የሚሠራ ነገር ቢኖር የመብራቱ ሰማያዊነት ነው።

ለሪፖርት ነገርኩት።

«ቀስቱ ይዋሻል» አልኩት።

«እንዴት ማለት?»

«ማለትማ፣ ሞተሩ ሊቃጠል ጥቂት እስኪቀረው ሁሉ ሰላም ነው ይላል። ሌላ የሙቀት መለኪያ ጌጅ እንጨምር። ውሃ ሲጎድል የሚጮህ ነገርም አለ፣ ልግጠምላቸው።»

ፈገግ አለ። ይህ ሰው ፈገግ ሲል ጥርሱ እንጂ ሌላው ፊቱ አይሳተፍም። «ፋብሪካው ስንት ኢንጂነር አለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አንተስ ስንት ነህ?»

«አንድ።»

«በቃ። ደግሞ የፋብሪካውን ሽቦ ከነካን ዋስትናው ይሰረዝብናል። ሪፖርት አድርግልኝና ፋይል ውስጥ እናስገባዋለን።»

በሩን ሳልዘጋለት ወጣሁ።

ዓርብ 6

ሪፖርት አዲስ ቅጽ አወጣ። ሾፌሮች በቀን ሁለት ጊዜ ጌጁን እያዩ ይሞላሉ። ሙቀት? መደበኛ። አሥር ሾፌር፣ በቀን ሁለቴ፣ መደበኛ፣ መደበኛ፣ መደበኛ። ከቆመ ሰዓት ላይ ሰዓት እየገለበጡ መዋል ነው። ፊርማም አለው።

የእህቴ ባል ብሶበት ከቅጹ ሥር የራሱን ይጨምርበታል። «ዳገቱ ላይ የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም።» ማን ጠየቀህ? ተሳፋሪዎቹ በቀርፋፋነቱ አቤቱታ ያቀረቡበት ብቸኛ ሾፌር እሱ ነው። ጉድጓድ ሲያይ ወርዶ በሜትር የሚለካው ይመስላል።

እኔ የራሴ አሠራር አለኝ። የውሃ ቱቦ ስቀይር ውሃውን ሞልቼ፣ ሞተሩን አሙቄ፣ ውስጥ የቀረው አየር እስኪወጣ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ይቀዘቅዛል። የቱቦው ላስቲክ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ስለሚረግብ ማሰሪያውን ድጋሚ አጠብቃለሁ። ይህን ሁሉ ከጨረስኩ በኋላ ብቻ ማሰሪያው ላይ በነጭ ቀለም አንዲት ነጥብ አደርጋለሁ። ነጥቧ ካለች ሥራው አልቋል፤ ከሌለች አላለቀም። ሾፌሮቹ ሁሉ ያውቋታል። የትኛውም ፋብሪካ አላስተማረኝም።

ሐሙስ 12

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። የሰባት የላይኛው ቱቦ ተሰንጥቋል። አዲስ መኪና! ቀየርኩት። ሪፖርት ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ እንግዶች አሉት፣ መኪናዋ በስምንት ሰዓት መውጣት አለባት።

ወሬ የማያልቅበት ሾፌር አለ፣ «ዜና» የምንለው። እሱ ደግሞ መጥቶ «ቀስቱ የሚዋሽ ከሆነ ታዲያ ለምን ሠሩት?» ብሎ ነካካኝ። እየሠራሁ አስረዳሁት። ከሥር መሠረቱ። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ግን አፉን አስያዝኩት።

ቁልፉን ለእህቴ ባል ስሰጠው ኮፈኑን ከፍቶ አየ።

«ጋሼ፣ ነጯ ነጥብ የለችም እኮ።»

«አንተ መሪህን ያዝ።»

ያዘ። ሄደ። ሁሉም መካኒክ መሆን አማረው።

ማክሰኞ 17

ሰባት ቁጥር ተጎትታ ገባች። ሞተሯ ተቃጥሏል። ድልድዩ ላይ ቆማ ተሳፋሪው በእግሩ ሄደ። የተጎዳ ሰው የለም።

ሪፖርት ግቢው መሃል ላይ ጮኸ፦ «ስክሪን ፊትህ ተቀምጦ እንዴት ታቃጥላለህ? ዓይን የለህም?»

«ቀስቱ መሃል ነበር» አለ የእህቴ ባል። ሸሚዙ በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። «እንዲያውም ከመቆሟ በፊት ትንሽ ዝቅ አለ። ቀዘቀዘች ብዬ ደስ አለኝ።»

ሳቁበት። ዜና ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቀዝቅዛ ተቃጠለች!»

ደናቁርት። ይህ ሰው ባለመዋሸቱ ነው የሚሳቅበት። ሴንሰሩ የሚለካው ውሃ ነው። ውሃው ፈስሶ ካለቀ አየር ይለካል፤ አየሩ ከውሃው ይቀዘቅዛል፣ ቀስቱም ዝቅ ይላል። ሞተሩ እየነደደ ቀስቱ «አይዞህ» ይላል። ይህን እዚያ ግቢ ውስጥ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያን ጊዜ አልተናገርኩም። ሰዉ ስሜት ላይ ነበር።

ረቡዕ 18

በምሳ ሰዓት ብቻዬን ኮፈኗን ከፈትኩ። የላይኛው ቱቦ ከአፉ ወልቋል። ማሰሪያው ልል ነው።

ንዝረት ይሆናል። የዘንድሮ ማሰሪያ ደግሞ ቆርቆሮው ስስ ነው። የመንገዱን ነገር አታንሱት። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ማን እንዳጣደፈኝ ሁሉም አይቷል። ይህን ሁሉ ሳይቆጥሩ መካኒክ ላይ መዝመት ለጤና አይደለም።

የድርጅቱ ደንብ እንዲህ ይላል፦ በቸልተኝነት ሞተር ያቃጠለ ሾፌር ይሰናበታል፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱ ላይም ምክንያቱ ይጻፋል። እንዲህ የሚል ወረቀት የያዘን ሾፌር የሚቀጥር የለም። የእህቴ ባል አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለውም። ሰኞ 30 ኮሚቴ ይቀመጣል።

ዓርብ 20

ቱቦውን ወደ ቦታው መልሼ ማሰሪያውን ላይ ላዩን አሰርኩት፣ ወዲያ ወዲህ እንዳይል። ነጯን ነጥብም አደረግሁባት። ምልክቴ የሌለበት ሥራ የሚያየውን ሰው ያሳስታል። ለሥርዓት ያህል ነው።

እሑድ 22

እህቴ መጣች። ባለቤቴ ሻይ አቀረበችላት፣ አልጠጣችም።

«ጋሼ፣ ቀስቱ መሃል ነበር ብሎ ይምላል። ሰዉ ሁሉ ይስቅበታል አሉ። እሱ ይዋሻል እንዴ?»

«አይዋሽም።»

«ታዲያ አንተ ንገራቸው። አንተን ይሰሙሃል። ምን አጥፍቶ ነው ስሙ የሚበላሸው?»

«እነግራቸዋለሁ» አልኳት። «መኪናዋ ድረስ ወስጄ ነው የማሳያቸው። የፋብሪካ ቀስት ማለት ምን እንደሆነ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ።»

አቀፈችኝ። ትንሽ ሆና ትምህርት ቤት ስወስዳት እንደምታደርገው ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አደረገች። ስትወጣ ባለቤቴ ቆማ አየችኝ።

«ስታወራት ድምፅህ ወፈረ» አለችኝ።

«ብርድ ነው።»

ሰኞ 23

የእህቴ ባል ዕቃውን ከሰባት ሊያወጣ መጣ። መነጽር፣ ትራስ፣ ጃንጥላ። እስከ ኮሚቴው ድረስ ከሥራ ታግዷል። ኮፈኗ ክፍት ነበር። ጎንበስ ብሎ አየ። አየ፣ አየ፣ ከዚያ ማሰሪያውን በአውራ ጣቱ ነካው። ቀና ሲል ጣቱን በመሐረቡ ጠረገ። መሐረቡ ላይ ነጭ ነገር ቀረ። አቧራ ይሆናል። ግቢው በሙሉ አቧራ ነው። የዘመኑ ቀለም ደግሞ በሦስት ቀን አይደርቅም፤ ቀለምም እንደ ሰዉ ሆኗል።

«ደህና ዋል ጋሼ» አለኝ።

አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም ብያለሁ።

ሐሙስ 26

ባለቤቴ ቁርስ ላይ፦ «ሰሞኑን ማንንም አልሰደብክም። አሞሃል?»

ዜናን ሰደብኩላት። የታክሲ ረዳቱንም። የጎረቤታችንን ውሻም። «አሞሃል» አለች።

ሰኞ 30

አሳየኋቸው! ጻፍ ደብተሬ።

ኮሚቴው ሪፖርት፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋና አንድ የሠራተኛ ተወካይ ናቸው። ሦስቱንም ግቢ አወረድኳቸው። ከአራት ቁጥር ላይ የሙቀት ሴንሰሩን ፈታሁት፤ ሽቦው እንደተሰካ ነው። የሪፖርትን የውሃ ማፍያ ከቢሮው አስመጣሁ። ቴርሞሜትርም ይዣለሁ። ሪፖርትን ራሱን መሪው ጋ አስቀመጥኩትና «ቀስቱን እያየህ ጮክ ብለህ ተናገር» አልኩት። እኔ ሪፖርት ሳስደርግ የመጀመሪያዬ ነው።

ውሃው ሰማንያ ሲሆን ሴንሰሩን ነከርኩት።

«መሃል» አለ ሪፖርት።

አፈላሁት። እየተንደቀደቀ ነከርኩት።

«መሃል።»

«አልተንቀሳቀሰም?»

«ንቅንቅ አላለም።»

«ገና ያልፈላውም የሚንደቀደቀውም ውሃ ለዚህ ቀስት አንድ ነው። አሁን ደግሞ እይ» አልኩና ሴንሰሩን ከውሃው አወጣሁት። አየር ላይ ያዝኩት። ውሃው ማፍያው ውስጥ እየጮኸ ነው።

ቆየት ብሎ «ወረደ» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «እየወረደ ነው።»

«መኪናህ ነግራሃለች» አልኩት።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ዜና አጥር ጥግ ቆሞ ነበር፤ አሁን ይሳቅ! ከሦስት ሳምንት በላይ ጆሮ ዳባ ልበስ ያለኝ ሪፖርት ከመኪናው ወረደ። «ስለዚህ ሾፌሩ ሊያይ የሚችለው ነገር አልነበረም» አለች ኃላፊዋ። «አልነበረም» አልኩ። ቢጫ መነጽር አድርገው ዓለምን ቢጫ ናት የሚሉ ሰዎች ፊት ይህን ማለት ምን ያህል እንደሚያስደስት የሚያውቀው የተናገረ ብቻ ነው።

ቀሪውን ነገ እጽፋለሁ። ደክሞኛል።

ማክሰኞ 1

ቀሪውን።

ወደ ቢሮ ተመለስን። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወረቀቷን አስተካከለችና አንድ ጥያቄ ጠየቀች። አንድ ብቻ። «እሺ፣ ቀስቱ አላሳየውም። ውሃው ግን ለምን ፈሰሰ?»

ዞራ አየችኝ። ሪፖርትም አየኝ። ተወካዩም። የእህቴ ባል ግን አላየኝም፤ ጠረጴዛውን ነበር የሚያየው።

«ቱቦው ወልቋል» አልኩ። «ማሰሪያው...»

«ጉድጓድ ነው» አለ የእህቴ ባል።

ኃላፊዋ ወደ እሱ ዞረች።

«ድልድዩ ጋ ከመድረሴ በፊት ትልቅ ጉድጓድ አለ። ረፍዶብኝ ስለነበር በፍጥነት ገባሁበት። በጣም ነበር የመታኝ። ከዚያ ይመስለኛል የወለቀው። ወርጄ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም።»

«በፍጥነት?» አለች ኃላፊዋ። ፊቷ የነበረው ፋይል በቀርፋፋነቱ የቀረቡ አቤቱታዎች የሞሉት ነው። እሷም ገርሟታል።

«በፍጥነት» አለ።

ሪፖርት ደስ አለው፤ ነገሩ የሚጻፍ ሆነለት። ጻፈ። የእህቴ ባል ፈረመ። ብዕሩን ለሪፖርት መልሶ ሲሰጥ ክዳኑን ሳይረሳ ገጠመው። ከሥራ ተሰናበተ። ወረቀቱ ላይ «በቸልተኝነት» ተብሎ ተጽፏል።

እኔ ምንም አላልኩም።

ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ነው የቀደመኝ።

ረቡዕ 2

አፌን ከፍቼ ነበር ብዬ ጻፍኩ። ከፍቼ ምን ልል ነበር? «ማሰሪያው የፋብሪካ ጉድለት አለበት» ልል ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ከነፋብሪካው፣ ከነስስ ቆርቆሮው።

ዓርብ 4

ሪፖርት ቢሮው ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው። በሁሉም መኪና ላይ ተጨማሪ ጌጅና የውሃ ማስጠንቀቂያ እንዲገጠም ተፈቅዷል፣ ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ። «አንተን የመሰለ ሁለት ሰው ቢኖረን» አለኝ። እጄን ጨበጠኝ። መዳፉ ለስላሳ ነው፣ ውሃ የነካው ሳሙና። አስጠላኝ። ግን ጨበጥኩት። ማን ይሙት፣ ከጨባጩና ከተጨባጩ የትኛው እንደሚያስጠላ ለመለየት ቸገረኝ።

ቅዳሜ 5

እህቴ ቤት ሄድኩ። እሱ የለም፤ ሥራ ፍለጋ ወጥቷል። አራት ቦታ ወረቀቱን አይተው መልሰውለታል።

ይወቅሱኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። በሩን ከፍታ እጄን ሳመችው።

«ሁሉንም ነገረኝ፣ ጋሼ።»

«ምን አለሽ?»

«እንዴት እንደተከራከርክለት ነዋ። ውሃ አፍልተህ እንዳሳየሃቸው። ሥራ አስኪያጁን እንዴት እንዳፋጠጥከው እየሳቀ ነው የነገረኝ። 'ጋሼ የሚቻለውን ሁሉ አደረገ፣ እኔ ነኝ ጉድጓዱን ያላየሁት' አለኝ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ ሁልጊዜ ትንቀዋለህ ብዬ አዝንብህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ይቅር በለኝ አለችኝ። እሷ፣ እኔን።

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። መንገድ ላይ ሁለት ሰው ገጭቼ አለፍኩ፣ አልሰደብኳቸውም። ቤት ስገባ ባለቤቴ ደብተሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ለወረቀት መናገር ጀምር አልኩህ እንጂ ለወረቀት ብቻ ተናገር አላልኩህም» አለች። አንብባዋለች ወይስ አላነበበችም? አልጠየቅኋትም።

ሰኞ 7፣ ረፋድ

ጽፌ ሰጠሁ። አንድ ገጽ አልሞላም። ሐሙስ 12 ቱቦውን ቀይሬ አየሩን ሳላስወጣ፣ ማሰሪያውን ድጋሚ ሳላጠብቅ እንዳስረከብኩ፤ ሾፌሩ ምልክቱ እንደሌለ ነግሮኝ እንዳመናጨቅኩት፤ ከአደጋው በኋላ ቱቦውን መልሼ ገጥሜ ምልክቱን እንደቀባሁ። ስለ ፋብሪካው አንድ ቃል አልጻፍኩም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት።

ሪፖርት አንብቦ በሩን ዘጋ።

«ይህን አላየሁትም። ፋይሉ ተዘግቷል። ሰውየው ራሱ አምኗል እኮ!»

«ሰውየው ዋሽቷል። በሕይወቱ አንድ ቀን ነው የዋሸው፣ ያንንም አላወቃችሁበትም፤ እሱን ፈጣን ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጤነኛ አይደለም።»

«ለምን ብሎ ይዋሻል?»

«እሱን ልጠይቀው እሄዳለሁ።»

«ጌጆቹንስ ማን ይገጥማቸዋል? ለበላይ አካል ስምህን አስተላልፌያለሁ። ምን ብዬ ሪፖርት ላድርግ?»

«ያነበብከውን።»

ካልወሰደው ለሰው ኃይል ኃላፊዋ እሰጣለሁ አልኩት። ልወስድላት ስነሳ ነጠቀኝና ማህተም መታበት። እሷ በኋላ ጋራዡ ድረስ ወርዳ መጣች። የሾፌሩን ወረቀት ዛሬውኑ እንደምትቀይረው፣ ሐሙስ ሥራ እንደሚገባ ነገረችኝ። የእኔን የጋራዥ ቁልፎችም ተረከበችኝ። ሃያ ሁለት ቁልፍ። እየቆጠረች ስትፈርም እጇ ላይ ግራሶ ነካት፣ በጨርቄ ጠረግሁላት።

ሰኞ 7፣ ማምሻ

እህቴ ቤት ሄድኩ፤ ሁለቱም ነበሩ። ባሏ እንድቀመጥ ወንበር ሳበልኝ። ቆሜ ነገርኳቸው። ያለ ማስረጃ፣ ያለ ማብራሪያ። ድምፄ ወፍሮ እንደሆነ አላውቅም።

እህቴ ወደ ባሏ ዞረች። «ታውቅ ነበር?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ነጥቧ አልነበረችም» አለ።

«እያወቅክ በዚያ መኪና ሰው ጫንክ? እያወቅክ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ራስህን... ለምን?»

መልሱን ለማግኘት ቆየ። ሁልጊዜ ይቆያል፤ ድሮ ይህ ነበር የሚያበግነኝ። «መጫኑ ጥፋቴ ነው። 'አላለቀም፣ አልነዳም' ማለት ነበረብኝ፣ እንዳይቆጣ ፈራሁ። ኮሚቴው ፊት ደግሞ...» አለና እኔን አየኝ። «አባትሽ እሱ ነው። እኔ ባልናገር ሥራ ነው የማጣው። ብናገር ግን አንቺ አባትሽን ታጫለሽ።»

እህቴ ተነስታ በሩን ከፈተች። ሙቀት በዝቶባት መስሎኝ ነበር። እጇ በሩ ላይ ቆየ፤ ዓይኗ ወለሉን ያያል። ያኔ ገባኝ። ኮፍያዬን አንስቼ ወጣሁ።

ባሏ ጫማውን እያጠለቀ ተከተለኝ። እስከ ዋናው መንገድ ጎን ለጎን ሄድን። ስድቡን እየጠበቅሁ ነበር። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የምለውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ አንድ በአንድ አሰናድቼለት ነበር፣ ምርጥ ምርጡን። ታክሲ አስቆመ፣ በሩን ከፈተልኝ፣ ጎንበስ ብሎ ለሾፌሩ የት እንደሚያወርደኝ ነገረው።

«ጋሼ፣ ተጠንቅቀህ ግባ» አለኝ። «እሷን ጊዜ ስጣት።»

መንገዱን ሙሉ ለዚህ ሰው የሚሆን አንድ ስድብ ፈለግሁ። አንድ ብቻ። አጣሁ።